«ትእዛዙን አላውቀውም» ያለው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እኛ?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ገርጂ ካፌ ተቀምጬ ሳለ የጓደኛዬ የእህት ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ከጎሮ መጣች። ገና ወንበር ሳትስብ «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችኝ።

ልጅቷ የኮዲንግ ሥልጠና ጨርሳለች። ሰርተፊኬት አላት፤ አሳትማ ላሚኔት አስደርጋዋለች። አንድ አነስተኛ ቢሮ ለሙከራ ሊወስዳት አስቦ፣ አንድ መሣሪያ ኮምፒውተሯ ላይ ጭና፣ ከኤዲተሯ ጋር አገናኝታ፣ የተሰጣትን ትንሽ ፕሮጀክት ሰኞ ጠዋት ሲሠራ እንድታሳይ ነግሯታል። መሣሪያው የሚታዘዘው በኮማንድ ላይን ነው፤ ልጆቹ «ጥቁሩ ስክሪን» በሚሉት መስኮት ትእዛዝ እየተጻፈ ማለት ነው። ሦስት ቀን ታግላለች። በመጨረሻ ያገኘችው መልስ «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» የሚል ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብትጠይቅ አንዱ «ጎግል አድርጊ» አላት፤ ሌላው የሳቅ ምልክት ላከላት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሰኞ ሄዳ አሳየች። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያናድደው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካስተካከልነው አንዱም ነገር ከልጅቷ ችሎታ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። አንዱም በሥልጠናው ውስጥ አልተነገራትም። ገርጂ ካፌ ውስጥ የሚጠብቃቸው ዘመድ የሌላቸው ልጆችስ? እነሱ «አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ብለው ላፕቶፑን ይሸጡታል።

ችግሮቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዝርዝሩ ካልታየ ክርክሬ ባዶ ስለሚሆን ትንሽ ታገሱኝ።

የመጀመሪያው ቀኑ ነው። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ ከውጭ ገብቶ እዚህ በድጋሚ ከሚሸጡት። ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ሰዓት እንዲቆጥር የምታደርገው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄድባታል። ልጅቷ ታዲያ በእጇ አስተካክላዋለች፤ ዓመቱን 2017 ብላ። ምን ስህተት አለው? በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2017 ነበር! ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በፈረንጅ ነው። ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ ሁሉ የራሱ ዲጂታል ሰርተፊኬት አለው፤ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን የተጻፈበት፣ ዕድሜውም በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ብዙ የማያልፍ። ኮምፒውተሯ ራሱን እ.ኤ.አ. 2017 ውስጥ ስላገኘው እያንዳንዱን ሰርተፊኬት «ገና አልጸናም» እያለ ይመልሳል። ማውረድ የለም፣ መግባት የለም። ልጅቷ ኔትወርኩን ስትረግም ሰነበተች።

ከዚሁ ጋር የሰዓት ክልሉ አለ። ላፕቶፑ ከአሜሪካ ሲመጣ የያዘው የሰዓት ክልል አልተቀየረም። ሻጩ ክልሉን ትቶ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ በእጁ አዙሮ ሸጦላታል። ለዓይን ትክክል ነው፤ ከውስጥ ግን ሰዓቱ በአሥር ሰዓት ገደማ የተዛባ ነው። በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች በሰዓት የሚሰሉ ናቸው፤ ሰዓቱ ከተዛባ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ውድቅ ነው። መድኃኒቱ ዊንዶውስ ላይ «ናይሮቢ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ አዲስ አበባም በእርሱ ሥር ናት። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ማን ነግሯት ታውቀው?

ሁለተኛው «ፓዝ» የሚባለው ነው። ቀኑን ካስተካከልን በኋላ መሣሪያው ተጫነ፤ ጥቁሩ ስክሪን ግን አሁንም «አላውቀውም» አለ። የዚህን ነገር ምንነት ለማስረዳት የእኛው ሰፈር ይበቃል። አንድ መልእክተኛ «እገሌን ጥራልኝ» ሲባል የሚሄድባቸው ሰፈሮች ዝርዝር በኪሱ አለ እንበል፤ ጃክሮስ፣ ሰሚት፣ አያት። ሰውየው ሲኤምሲ ከሆነ፣ ሲኤምሲ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ መልእክተኛው ተመልሶ «እገሌ የሚባል ሰው የለም» ይላል። ሰውየው ግን ቤቱ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነው። ፓዝ ያ ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ የተጫነበት አቃፊ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ አይፈልግም።

ሌላም አለ። ዝርዝሩን ብታስተካክሉት እንኳ ቀድሞ የተከፈተው ኤዲተር አሮጌውን ዝርዝር ይዞ ነው የሚቀጥለው። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለው ተርሚናል ኤዲተሩ ሲከፈት የያዘውን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ኤዲተሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል። «ውጭው ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ኤዲተሩ ውስጥ ግን አይሠራም» ብሎ ያበደ ጀማሪ ስንት ነው? መልሱ ዘግቶ መክፈት ነበር።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። ፓወርሼል የሚባለው የዊንዶውስ መስኮት ጥንቃቄ ብሎ የስክሪፕት ፋይሎችን አላስኬድም ይላል፤ ሲገዛ ጀምሮ የተሠራው እንደዚያ ነው። ለራስ መለያ ብቻ የተወሰነ መጠነኛ ፈቃድ መስጠት ይበቃል። ልጅቷ ግን ከአንድ ግሩፕ በተሰጣት ምክር ጥበቃውን ጨርሳ አጥፍታ፣ ሁሉን ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ታስኬድ ነበር። የቤቷን በር ነቅላ ጥላ እንግዳ እንደመጠበቅ ነው። መካሪው አንድ መስመር ልኮላት ሄደ፤ አደጋው ግን ከእርሷ ጋር ቀረ።

አራተኛው ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው። የኮምፒውተር መለያዋን ስሟን በአማርኛ ጽፋ ነው የከፈተችው። ዊንዶውስ ተቀብሏታል፤ የግል አቃፊዋም በፊደላችን ተሰይሟል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሥሪት 3.0 ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም እስከ ዛሬ አቃፊ ውስጥ ከላቲን ፊደል ሌላ ሲያዩ፣ አንዳንዴም በስም መሃል ባዶ ቦታ ሲያገኙ የሚሰናከሉ መሣሪያዎች አሉ። በላቲን ፊደል የተሰየመ ሌላ አቃፊ ከፍተን አለፍነው። አንዲት ልጅ በገዛ ስሟ ምክንያት ሦስት ቀን ተቀጣች ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ጥፋተኛዋ ራሷ መስላታለች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከእነዚህ አራት ነገሮች የትኛው ነው የማሰብ ችሎታን የሚለካው? አንዱም። አንድ ሰው አንዴ ካሳያችሁ ዕድሜ ልክ የምታውቁት ነገር ነው። ካላሳያችሁ ግን ከሙያው ያስወጣችኋል። ለእኔ ይህ የዕውቀት በረኛ ነው፤ ዘመድ ያለውን ያስገባል፣ የሌለውን ይመልሳል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥዕል ልምጣ።

በሐምሌ 2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ንቅናቄ አስጀመሩ። ዕቅዱ የሦስት ዓመት ነው፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥና ነጻ ነው፤ ሲያጠናቅቁት ሰርተፊኬት አለው። ሐሳቡን አልቃወምም። በነጻ መማርን የሚጠላ ማን አለ? የምቃወመው ቆጠራውን ነው። የዜናውን ቋንቋ ልብ በሉት፦ ይህን ያህል ተመዘገቡ፣ ይህን ያህል ሰርተፊኬት ወሰዱ። በየክልሉ ስብሰባ፣ በየቢሮው ግድግዳ የሚለጠፈው ይህ ነው። «በይህን ያህል ወጣት ኮምፒውተር ላይ መሣሪያው ተጭኖ ሠርቷል» የሚል ሪፖርት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ከትምህርቶቹ አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለውን መሣሪያ ለመጫን ጎግል ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። የመጫኛ ፋይሉ ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተከታትለው የሚወርዱት ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ናቸው። ይህን በሞባይል ፓኬጅ የሚያወርድ የአያት ኮንዶሚኒየም ልጅ አስቡ። 80 በመቶ ደርሶ መብራት ይሄዳል። ብዙዎቹ መጫኛዎች ደግሞ ሲቋረጡ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ልጁ ትምህርቱን በስልኩ አይቶ፣ ጥያቄውን መልሶ፣ ሰርተፊኬቱን ሊወስድ ይችላል። ኮደር ሆኖ ተቆጥሯል። አንድ መስመር ኮድ ግን በገዛ ማሽኑ ላይ አስኬዶ ላያውቅ ይችላል።

የኔትወርኩንም ታሪክ አንርሳ። በሰኔ 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ትግራይ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ገደማ ተቆለፈባት። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ይህ አሁን የምታነቡበት ቴሌግራም ታግደው ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየውና ለዛሬው ጉዳዬ የሚሆነውን ብቻ ልበል። ዩቲዩብ ለብዙ ወጣት ዋናው መምህሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በጭንቅ የተጫኑ ቪፒኤኖችና ፕሮክሲዎች ደግሞ አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ዱካቸውን ትተው ሄደዋል፤ ጊት የሚባለው መሣሪያ እስከ ዛሬ የሌለ ፕሮክሲ እየፈለገ «አልተገናኘሁም» የሚልባቸውን ማሽኖች በእጄ ነክቻለሁ። መንግሥት ያጠፋው ኢንተርኔት ተመልሶ ሲበራ ጉዳቱ አብሮ አይጠፋም፤ በየላፕቶፑ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል።

ዶላሩም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚጠይቅ መሣሪያ ከ1,140 ብር ወደ 2,000 ብርና ከዚያ በላይ ዘለለ ማለት ነው። ለዚያውም በብር የሚሠራው የባንክ ካርዳችሁ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ነው፤ ለአብዛኛው ወጣት አይገዛም። ስለዚህ የውጭ አገር ዘመድ ይለመናል፣ ወይም የተሰረቀ ቅጂ ይጫናል። ከተሰረቀው ቅጂ ጋር ደግሞ ምን እንደሚገባ የሚያውቀው የሠራው ሌባ ብቻ ነው።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሦስቱን ልመልስ።

«ጎበዝ ልጅ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ እኛም እንደዚያ ነው የተማርነው።» አዎ፣ እኔም እንደዚያ ተማርኩ። ግን እውነቱን እንናገር። ቢሮ ውስጥ ያልተገደበ ኢንተርኔት ነበረኝ፤ አጠገቤ የሚጠየቅ ሰው ነበረኝ፤ እንግሊዝኛውን አነብ ነበር። ብዙዎቻችን «ራሴ ተማርኩ» ስንል የረዳንን ሰው ስም ረስተን ነው። ደግሞም ያለፉትን ብቻ ቆጥሮ «መንገዱ ጥሩ ነው» ማለት ገደል የገቡትን አለመቁጠር ነው።

«ይህ እኮ ጥቃቅን ነገር ነው፤ አገር የምታህል ነገር እያለ ስለ ፓዝ ታወራለህ?» ጥቃቅን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ግድብ መሥራት አልጠየቅኩም። በሁለት ሰዓት ሊፈታ የሚችል ነገር የአንዲትን ልጅ የሥራ ዕድል ሊበላ ነበር። ትልቁን ነገር ካልቻልን ይቅርታ ይደረግልናል፤ ትንሹን እምቢ ማለት ግን ግዴለሽነት ነው።

«ከእንግዲህ ኮዱን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፈዋል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።» ይህኛው ያስቀኛል። ከእነዚህ ረዳቶች አሁን ገንቢዎች የሚሻሟቸው በዚያው ጥቁር ስክሪን የሚጫኑ፣ በዚያው ፓዝ የሚፈለጉ፣ በዚያው ሰዓት የሚለፉ፣ በዚያው ዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው። ያልተጫነ ረዳት አይረዳም። በስልክ ጠይቆ ምክር ማግኘት እንደሚቻል አልክድም፤ ብዙ ጊዜም ይጠቅማል። ነገር ግን የተጻፈውን ስህተት አንብቦ መንገር የማይችል ሰው ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ልጅቷ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳስገባች ካልነገረችው የትኛው ማሽን ይገምትላታል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ የምጠይቀውን በቁጥር ላስቀምጥ።

1. የማንኛውም ሥልጠና የመጀመሪያው ቀን የመጫኛ ቀን ይሁን። ኮድ አይጻፍበት። ቀንና ሰዓት፣ ፓዝ፣ ፈቃድ፣ የአቃፊ ስም። ሁሉም ሰው በገዛ ማሽኑ ላይ አንድ ትእዛዝ ሠርቶለት ካላየ ሁለተኛው ቀን አይጀመር።

2. ጎሮ ያለው የአይቲ ፓርክ ሥራ ይሥራ። ከአፍንጫችን ሥር፣ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የመረጃ ማዕከሎች የተከፈቱበት ቦታ ነው። ዓለም በየቀኑ የሚያወርዳቸውን የገንቢ መሣሪያዎች ቅጂ እዚያ አስቀምጦ ለጀማሪው በአገር ውስጥ መስመር በነጻ ማቅረብ ምን ያህል ይከብዳል? ቻይና ውስጥ የቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ይህን ያደርጋል፤ አሊባባም የኤንፒኤምን ጥቅሎች ቅጂ ያቀርባል። እኛስ ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚያገናኝ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለን አይደል? ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ደግሞ ከዚያ የሚወርደውን ከፓኬጅ እንዳይቆርጡ ይደረግ። ይህ እስኪሆን ድረስ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ መጫኛዎቹን በአንድ ሃርድ ዲስክ ይያዝ። ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ለዓመታት የሠሩበትን ዘዴ ማሠልጠኛ ተቋም ሊያቅተው አይገባም።

3. በየቀኑ የሚገጥሙት ሃያ ስህተቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ተብራርተው ይጻፉ። ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ የትኛውን ማየት እንደሚገባ። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ አምስት ባለሙያና አንድ ወር ይበቃል።

4. ቆጠራው ይቀየር። ሰርተፊኬት የወሰደ ሳይሆን፣ በገዛ ማሽኑ ፕሮግራም አስኬዶ ያሳየ ይቆጠር። ቁጥሩ ከ5 ሚሊዮን እጅግ ያንሳል። ይነስ! ትንሽ እውነት ከትልቅ ፖስተር ይሻላል።

5. የመጨረሻው ለእኛ ለባለሙያ ነን ባዮቹ ነው። ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ቢሮና ካፌ ሞልተን የምንውለው። ልጅ ስህተት ይዞ ሲመጣ «ተነስ፣ እኔ ልሥራው» ብለን ወንበሩን የምንነጥቅ እኛ ነን። በአሥር ጣት እየተንጣጣን ሠርተን «አለቀ» እንላለን፤ ልጁ ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነው። እጃችንን ከኪቦርዱ እናንሳ። ስህተቱን እርሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ፈልጎ እርሱ ያግኝ፤ እኛ «ቀጥሎስ?» እንበል። ግሩፕ ውስጥ «ጎግል አድርግ» ብሎ መመለስም ይቅር፤ መልስ መስሎን ነው እንጂ በር መዝጋት ነው።

ያቺ ልጅ ገርጂ ስንለያይ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አራት መስመር ጽፋ ነበር፦ ቀን፣ ፓዝ፣ ፈቃድ፣ የአቃፊ ስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። ችግር ገጥሟት መስሎኝ «ደግሞ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ምንም አልሆነም ጋሼ፤ አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፣ ያው ቀይ ጽሑፍ ነው የመጣባት። መጀመሪያ ቀኑን እንያት አልኳት።»

ስንት ሚሊዮን ኮደር እንዳለን አላውቅም። መጀመሪያ ቀኑን ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ጨምረናል። እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የሁለት ሰዓት ጊዜ ካላችሁ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚዞር ልጅ አታጡም። ጠይቁት።